ፊርማ በሽተኛ አያስታምምም

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ለዛሬ የያዝኩት ጉዳይ ሥሩ ራቅ ያለ ነው፤ እኔ ግን የምጀምረው ከአንዲት ሌሊት ነው። ያች ሌሊት ባትገጥመኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረቱም ሐፍረቱም አይኖረኝም ነበር።

የደንዲን ወረዳ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በመንታ ሐይቋ፣ ወይም በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከግንጪ ተነሥቶ አገር ባዳረሰው የወጣቶች ተቃውሞ ነው። እኔ የማውቃት በእናቴ ቤት ነው። እናቴ ከጭሊሞ ደን ብዙም በማይርቅ መንደር ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ተቅማጥና ትውከት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዳክማቸው ከርሞ፣ እኔ ስደርስ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ምላሳቸው ደርቆ አገኘኋቸው። ተሸክመን ስሙን ወደማልጠቅሰው በዞኑ ውስጥ ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም ወሰድናቸው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ተረኛው ሐኪም ፈሳሽ በደም ሥር እንዲሰጣቸው አዝዞ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ክፍሉን ለብቻዋ የያዘችው ነርስ ካኑላውን ይዛ መጣች።

አንድ ጊዜ ሞከረች፤ አልተሳካም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከረች። የእናቴ ክንድ በልሟል፤ የልጅቱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁጣዬ ገንፍሎ አንድ ቃል ልናገር ስል ቀና ብላ አየችኝና ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «ዶክተር፣ አላወቁኝም፤ ተማሪዎ ነበርኩ» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ይህን በሰው ላይ የሠራሁት በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ ግን ሃያ ጊዜ ይላል። የፈረሙልኝ እርስዎ ነበሩ» አለችኝ።

ልትከሰኝ አልነበረም። ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነበር! መድረሻ ያሳጣኝም ይኸው ነው።

እናቴን ያዳኗቸው በጤና ረዳትነት ጀምረው ለጡረታ የተቃረቡ አንዲት አንጋፋ ነርስ ናቸው። ከማዋለጃ ክፍል ተጠርተው መጡ፤ ጨርቅ በለብ ያለ ውኃ አስነክረው በእናቴ ክንድ ላይ ጠቀለሉ፤ ጥቂት ጠበቁ፤ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው የደም ሥሩን በአንድ ጊዜ አገኙት። ወደ ልጅቱም ዞር ብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚደረገው» አሏት። ያች ነርስ በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ ከእኛ ያላገኘችውን ትምህርት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘች።

አሁን የእኔን ታሪክ ልናገር። ሙያዬ የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ዶክትሬቴን ያገኘሁትም በዚያው ነው። ነርስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የተማሪው ቁጥር ከአሠልጣኙ ቁጥር ጋር ሊመጣጠን ባለመቻሉ፣ እንደኔ ያሉ መምህራን ጭምር ለተግባር ልምምድ ተቆጣጣሪነት እንመደብ ነበር። ለሰባት ቀን ተመደብኩ፤ የተገኘሁት ሁለት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን የተማሪዎቹ የተግባር መመዝገቢያ ደብተሮች ተደርድረው ቀረቡልኝ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም ፈረምኩ። አበሉን ግን የሰባቱንም ቀን ወስጃለሁ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ «ሁሉም ያደርገዋል» ብዬ ልጽናና እችል ነበር። ሁሉም ማድረጉ ግን ጥፋቱን ለሁላችን ያካፍለን እንደሆነ እንጂ ለማንም አያቀልለትም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ዛሬ በየአዳራሹና በየስብሰባው የሚሰማው ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው፤ «የዛሬ ተመራቂዎች አያነቡም፣ ሙያውን አይወዱም፣ በሽተኛ ይፈራሉ» ይባላል። እኔ ደግሞ ይህን ወቀሳ አበሻ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ከሚለው ነገር ለይቼ አላየውም። ተመራቂዋ የምትፈራው ስለሰነፈች አይደለም። የምትፈራው እውነቱን ስለምታውቅ ነው። ዲግሪዋ ትችላለች የሚላትን ነገር እጇ እንደማይችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለችው ልጅ ባትፈራ ነበር እኛ መፍራት የነበረብን።

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ሃያ አልጋ ባለው አንድ የማስተኛ ክፍል ስድሳ ተማሪዎች ለልምምድ ተመደቡ እንበል፤ እንዲህ ዓይነቱን መጨናነቅ ያላየ የጤና መምህር አለ ብዬ አላምንም። በቀን አሥር ካኑላ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ ግማሹን የክፍሉ ነርሶች ይሠሩታል፤ ለተማሪ የሚተርፈው አምስት ነው። አምስቱ ለስድሳ ሲካፈል እያንዳንዱ ተማሪ በአሥራ ሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ልምምዱ አራት ሳምንት፣ ማለትም ሃያ የሥራ ቀን ከሆነ፣ ድርሻው ሁለት እንኳ አይሞላም። ደብተሩ ግን ሃያ ይጠይቃል። እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ? አሥራ ስምንቱን ከየት ያምጣ? ከብዕሩ ያመጣዋል፤ እኛም በፊርማችን እናጸድቅለታለን። ውሸት የሚጀምረው ከተማሪው ሥነ ምግባር ሳይሆን ሊሟላ የማይችለውን ቁጥር ካወጣነው ከእኛ ዘንድ ነው። በሙያ ሕይወቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከመምህሩ የሚማረው የመጨረሻ ትምህርትም «ያልሠራኸውን ሠራሁ ብለህ ጻፍ» የሚል ይሆናል። ነገ የበሽተኛ ካርድ ላይ ያልለካውን የደም ግፊት ሲጽፍ ከማን ተማረው ልንል ነው?

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በዚህችው አገር የነርስነት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ሦስት ዓመት ሠልጥነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። የዚያ ዘመን ሥልጠና ተማሪዋን ውሎ አዳሯን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚያደርግ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆንም ከዚያ ነፃ አላወጣቸውም። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ ወለጋ ሄደው በ1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመታቸው ነቀምቴ ላይ አረፉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በግንጪና በአምቦ አልፎ ነቀምቴ የሚደርሰውን መንገድ በተጓዝኩ ቁጥር ይህን ታሪክ አስታውሰዋለሁ።

ከዚያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1954 ደግሞ የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ጀመር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ነገ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ አብረው፣ በሥራው ቦታ ይማሩ የሚል። ያ ልማድ በስም ዛሬም በየኮሌጁ አለ። መንፈሱ ግን የሪፖርት ማሟያ ወደ መሆን ወርዷል።

አንባቢ ሆይ፣ ያለፈውን ዘመን በማሞገስ ብቻ የምረካ ሰው እንዳልመስልህ። የዚያ ዘመን ትምህርት ጥቂቶችን ብቻ ያሠለጠነ ነበር፤ ገበሬው ነርስ ሳያይ ይሞት ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ የታየው መስፋፋት በቂ ምክንያት ነበረው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቶ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ረገድ የሠራው ሥራ የሚካድ አይደለም። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ጥፋቱ መስፋፋቱ አይደለም። ጥፋቱ የመማሪያ ክፍሉ ሲበዛ አልጋው፣ አሠልጣኙና ጓንቱ አብረው አለመብዛታቸው ነው። ሕንፃ በበጀት ዓመት ይመረቃል፤ ነርስን የምታሠለጥን ነርስ ግን በበጀት ዓመት አትፈጠርም።

መንግሥት ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ፈተና ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር ለጤና ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የፈተናው መኖር አይከፋኝም፤ እንዲያውም ዕውቀት ሳይኖር በሽተኛ አጠገብ መድረስን ይከለክላልና እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። «ለደረቀ በሽተኛ የደም ሥር ለማግኘት ከሚከተሉት የቱ ይረዳል?» ተብላ ብትጠየቅ ያች ተማሪዬ «ለብ ያለ ጨርቅ» የሚለውን ታጠቁር ነበር። ታውቀዋለቻ! ያች ሌሊት የጎደላት ያንን የሚያውቅ እጅና አጠገቧ የሚቆም ሰው ነው።

ነገሩን ከመንጃ ፈቃድ ጋር አስተያዩት። ከግንጪ አምቦ ሚኒባስ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ምልክቶችን በጽሑፍ ስለለየ ብቻ መሪ አይሰጠውም፤ መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ ፈታኝ እያየው፣ ወደፊትም ወደኋላም ነድቶ ማሳየት አለበት። በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ያለፈ ወታደርም ተኩስ የተማረው ከጥቁር ሰሌዳ አይደለም። ለአሥራ ሁለት ተሳፋሪ የምንጠነቀቀውን ያህል በአንድ ሌሊት ሃያ በሽተኛ ለምትይዝ ልጅ አለመጠንቀቃችን ምን ይባላል?

ሌላም የማይነሣ ጉዳይ አለ፤ የቋንቋ ጉዳይ። የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። በደንዲ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ግን «ገራቱ ነ ዹኩበ» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው። አንዱ «ምች መታኝ» ይላል፣ ሌላው «ብርድ ነው» ይላል። ይህን ሁሉ መተርጎም የነርሷ የዘወትር ሥራ ነው። በአራት ዓመቱ ውስጥ ግን በሽተኛን በራሱ ቋንቋ መጠየቅን፣ መስማትንና ማጽናናትን እንደ ትምህርት ያስተማራት የለም። የሌላ ክልል ልጅ ሆና አፋን ኦሮሞ ሳታውቅ ምዕራብ ሸዋ የተመደበች እንደሆነ፣ ወይም የአምቦ ልጅ ሆና ሌላ ቦታ የሄደች እንደሆነማ ፍርሃቷ እጥፍ ነው።

ይህ ፍርሃት የኛ ብቻ አይደለም። ማርሊን ክሬመር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ አዲስ ነርሶች ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ ሲገቡ የሚደርስባቸውን «የእውነታ ድንጋጤ» ብለው ሰይመውታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓትሪሺያ ቤነር ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ እንደምታልፍ ጽፈዋል። እንደ ቤነር አባባል ተመራቂዋ በተመረቀች ማግሥት ብቁ አይደለችም፤ ብቃት የሚመጣው በአንድ ዓይነት የሥራ ቦታ ሁለትና ሦስት ዓመት ከተሠራ በኋላ ነው። ይህን ያወቁ አገሮች ምን አደረጉ? የአውሮፓ ኅብረት ለአጠቃላይ ነርስ ቢያንስ 4,600 ሰዓት ሥልጠና ደንግጎ፣ ቢያንስ ግማሹ በሽተኛ ባለበት እንዲሆን አዘዘ። ብሪታንያም አዲሷን ነርስ ልምድ ካላት ጋር የሚያጣምር ሥርዓት ዘረጋች። እኛ ጋ ለሐኪም የልምምድ ዓመት አለው። ነርሷ ግን፣ እኔ ባየኋቸው ቦታዎች፣ የቅጥር ደብዳቤዋን ባስገባች ሳምንት የሌሊት ተራ ይወጣላታል። ያውም ለብቻዋ!

«አንጋፋዎቹ ለምን አያግዟትም?» የሚል ይኖራል። አንጋፋዎቹ የት አሉ? ደመወዛቸው ከቤት ኪራይ ስለማያልፍ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የኑሮ ጥያቄያቸውን በሥራ ማቆም ሲያቀርቡ ብዙዎቹ ለእስር ተዳርገዋል። ልምድ ያለውን ሰው የሚያስኮርፍ አስተዳደር አዲሷንም ልጅ መምህር አልባ እንደሚያደርጋት መገንዘብ ነበረበት። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ለማስተማር የሚያገኙት ነገር የለም። አበሉን የሚወስደው ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ተቆጣጣሪ ነው፤ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ የሚፈርመው ያላየው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከተቺነት አልፌ የሚመስለኝን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የነርሲንግ ተማሪ ቅበላ በመማሪያ ክፍል ወንበር ሳይሆን በአልጋና በአሠልጣኝ ቁጥር ይወሰን። ሁለተኛ፣ የተግባር ደብተር ላይ የሚፈርመው ሥራው ሲሠራ አጠገብ የቆመው የክፍሉ ነርስ ብቻ ይሁን፤ የበሽተኛው የካርድ ቁጥርም ይጻፍበት። ሃያ ካልተገኘ ስድስት ይጻፍ፤ እውነተኛ ስድስት ከሐሰተኛ ሃያ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናው እጅንም ይፈትን። አራተኛ፣ አዲስ ነርስ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሌሊት ክፍል ለብቻዋ እንዳትይዝ፣ ስሟ የተጻፈ አንዲት አንጋፋ ነርስም ኃላፊነት ወስዳ እንድታሠለጥናት ይደንገግ። አምስተኛ፣ እኛ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን ነጭ ጋውን ለብሰን በሽተኛ እናስታምም፤ አሥር ዓመት በሽተኛ ያልነካ ሰው ስለ በሽተኛ የሚያስተምረው ተረት ነው።

«በጀት የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በጀቱስ አለ። እኔ በልቼዋለሁ። ላልተገኘሁባቸው አምስት ቀናት የተከፈለኝ አበል ለአንዲት አንጋፋ ነርስ የማሠልጠኛ ክፍያ ቢሆን ኖሮ ያች ልጅ አንድ ሁለት ካኑላ በትክክል ተምራ ትወጣ ነበር። ይህ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየዓመቱ፣ በየተቆጣጣሪው ሲባዛ ምን ያህል እንደሚሆን የፋይናንስ ሰዎች ያስሉት። የመንገድ ጸጥታ ችግር ባለበት ዘመን ተቆጣጣሪ ከሩቅ እያመላለሱ ከማስፈረም እዚያው ያለችውን ነርስ መክፈል እንደሚበጅም ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄጄ የአምስቱን ቀን አበል ለመመለስ ጠየቅሁ። የሒሳብ ሠራተኛው በመገረም ካየኝ በኋላ የተዘጋ በጀት ስለሆነ በምን የሒሳብ መደብ ገቢ እንደሚደረግ እንደማያውቅ ነገረኝ። ያላግባብ ወጪ የሚደረግበት መደብ እንዳልጠፋ ልብ በሉልኝ! ገንዘቡን ጓንትና ካኑላ ገዝቼበት ያቺ ልጅ ለምትሠራበት ክፍል ሰጠሁ። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ዕዳው በዚህ አልተከፈለምና።

እናቴ ድነዋል። ስለዚያች ሌሊት ሲያወሩ ግን አንጋፋዋን ነርስ አያነሡም። «ያች ልጅ እጄን ስትወጋኝ ታለቅስ ነበር፤ ለእኔ ያለቀሰች መስሎኝ አሳዘነችኝ» ይላሉ። እኔም እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም። የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የዘንድሮ ተማሪዎቻችሁ ደብተሮች ጠረጴዛችሁ ላይ ተደርድረው ፊርማችሁን እየጠበቁ ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት እናታችሁ የት እንደሚታከሙ አስቡ።

ቸር እንሰንብት።